ነቅቶ ወይስ ተኝቶ? ለኢንዶስኮፒ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች ሲነጻጸሩ

ለኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ጨጓራን ወይም አንጀትን በቱቦ ለማየት መጥቶ «ካላስተኛችሁኝ አልገባም» የሚል ታካሚ አለ። «በፈጠራችሁ አታስተኙኝ፣ ሳልነቃ ብቀርስ?» የሚልም አለ። ተራ ሲጠብቁ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ሥራዬ ሰመመን መስጠት ስለሆነ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም ማደንዘዣ አንድ ነገር ይመስላቸዋል። ወይ ትወስዳለህ፣ ወይ አትወስድም። እንደዚያ አይደለም። ጎሮሮ ላይ ፍስስ ከሚደረግ ፈሳሽ ጀምሮ በማሽን እስከ መተንፈስ ድረስ አለ። አደጋውም፣ ወጪውም፣ ቤት የምትገቡበት ሰዓትም እንደ ምርጫው ይለያያል።

ይህን የጻፍኩት ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደምበጫ፣ ከቡሬ ወይም ከዳንግላ ተነስታችሁ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ለምርመራ ለምትመጡ ነው። እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትመጡም ብዙ ናችሁ። ለእናንተ ጥያቄው «የቱ ያስተኛል?» ብቻ አይደለም። «የቱ አውቶቡስ ላይ ያወጣኛል?» የሚለውም አብሮ አለ።

መጀመሪያ ጥልቀቱ

ሰው የመድኃኒት ስም ይጠይቃል። እኔ ግን ከስሙ በፊት ጥልቀቱን ጠይቁ እላለሁ። በሙያው 4 ደረጃ አለ። አንደኛው ፍርሃትን ብቻ ያበርዳል፤ ነቅታችሁ ታወራላችሁ። ሁለተኛው መካከለኛው ነው። ዓይን ይከደናል፣ ግን «እማማ፣ አፍዎን ይክፈቱ» ሲባል ይሰማሉ፣ ይከፍታሉ። ሦስተኛው ጥልቅ ነው። በስም ብትጠሩት አይመልስም፤ የሚያም ነገር ሲነካው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አተነፋፈሱም እገዛ ሊፈልግ ይችላል። አራተኛው ሙሉ ሰመመን ነው፤ ምንም ብታደርጉት አይነቃም።

በወረቀት ላይ 4 ናቸው እንጂ በመካከላቸው አጥር የለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወርደው መንገድ አንድ ወጥ ቁልቁለት ነው። ለጎረምሳው መካከለኛ የሆነው መጠን ለ75 ዓመት አዛውንት ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየትም አገር የሚሠራበት ደንብ አለ። መካከለኛ ለመስጠት ያሰበ ሰው፣ ታካሚው ሳይታሰብ ወደ ጥልቁ ቢገባበት መመለስ መቻል አለበት። ጥልቁን የሚሰጥም ሙሉ ሰመመን ሲሆንበት አየር መንገዱን ይዞ ማስተንፈስ መቻል አለበት። ይህን የሚችል ሰው ክፍሉ ውስጥ ከሌለ፣ መድኃኒቱ ምንም ያህል «ቀላል» ቢባል ቀላል አይደለም።

ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ በዚህ ዓይን እዩልኝ።

ጎሮሮ ላይ ብቻ የሚረጨው

ሊዶኬይን ይባላል። ጥርስ ሲነቀል ከሚወጋው ጋር አንድ ነው። የተለመደው ባለ 10 ፐርሰንቱ ሲሆን አንዷ ፍስስ 10 ሚሊግራም ትሰጣለች። ጣዕሙ ይመራል። ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ውስጥ ጎሮሮ ይደነዝዛል፤ ያበጠ ያበጠ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። «መዋጥ አልቻልኩም» ይላል። ይችላል፤ የመዋጡ ስሜት ነው የጠፋው።

ከዚያ በግራ ጎን መተኛት ነው። ጥርስ ቱቦውን እንዳይነክስ መሐሉ ክፍት የሆነ ፕላስቲክ አፍ ውስጥ ይገባል። የጨጓራ ማያው ቱቦ ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ምላስን አልፎ ጎሮሮ ሲደርስ «ዋጡ» ትባላላችሁ። ከባዷ ቅጽበት እሷ ናት። ያቅለሸልሻል፣ እንባ ይመጣል፣ ማግሳት አለ። ካለፈች በኋላ ይቀላል። ትንፋሽ አይዘጋም፤ ቱቦው የሚሄደው በምግብ መውረጃው እንጂ በአየር ቧንቧው አይደለም። ምራቅ ለመዋጥ አትታገሉ፣ በአፍ ጎን ይፍሰስ፤ ፎጣ የሚነጠፈው ለዚያ ነው። ሆዳችሁን አላልታችሁ በዝግታ ተንፍሱ። ማየት ብቻ ከሆነ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ውስጥ ያልቃል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከአልጋው በእግራችሁ ትወርዳላችሁ። ውጤቱን ከሐኪሙ አፍ በራሳችሁ ጆሮ ትሰማላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ አትረሱትም። አስታማሚ ባይኖራችሁም ትሄዳላችሁ። ጾም መዋል ግን እንዳለ ነው፤ ለማንኛውም ኢንዶስኮፒ ጨጓራ ባዶ መሆን አለበት። ድንዛዜው እስኪለቅ 1 ሰዓት ገደማ ምንም አትቅመሱ። በተለይ ትኩስ ቡና አይሆንም። ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ጉድለቱስ? የሚፈራ ሰው ላይ ይከሽፋል። ወጣት ሲሆን ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ በዕድሜ የገፉት ጎሮሯቸው ያን ያህል አይቆጣም። ይህን ስነግራቸው ልጆቻቸው አያምኑኝም። «አባባ እንዴት ይችሉታል?» ይላሉ። አባባ ይችሉታል፤ ይዟቸው የመጣው ጎረምሳ ነው ችግሩ። ሌላው፣ ምርመራው ሕክምና ያለበት ከሆነ፣ ማለትም የሚቋጠር፣ የሚሰፋ ወይም የሚወጣ ነገር ካለ፣ ርጩ ብቻውን አይበቃም።

በነገራችን ላይ ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1868 የመጀመሪያውን የጨጓራ ማያ ሲሞክር የመረጠው ሰው ሰይፍ መዋጥ ሥራው የነበረ የትርኢት ባለሙያ ነበር። ያን ጊዜ ቱቦው ቀጥ ያለ ብረት ነው። የዛሬው ይተጣጠፋል፤ ሰይፍ ዋጭ መሆን አይጠበቅባችሁም።

የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ የጨጓራ ሕመም፣ ቃር ወይም ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ለማየት የምትመጡ፣ ረጋ ያላችሁ አዋቂ ከሆናችሁ መጀመሪያ ርጩን ሞክሩ። ካልቻላችሁ «አልቻልኩም» ማለት ነው፤ ቱቦው ይወጣል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ርጩን የናቀው ሰው ብዙ ነው፣ ያለ ምክንያት።

የሚያስረሳው መርፌ

ሚዳዞላም ነው። በደም ሥር ይሰጣል። ለጤነኛ አዋቂ 1 ወይም 2 ሚሊግራም በዝግታ ተሰጥቶ ይጠበቃል፤ ካልበቃ ትንሽ ይጨመራል። ለአብዛኛው ሰው ድምሩ ከ5 ሚሊግራም አያልፍም። ለአዛውንትና ለደካማ ግማሹም ሊበዛ ይችላል። «በዝግታ» የሚለውን ልብ በሉ። ኃይሉ ጫፍ የሚደርሰው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ነው። የቸኮለ ሰው «አልሠራም» ብሎ ይጨምራል፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ።

የሚዳዞላም ትልቁ ሥራ ማስተኛቱ ሳይሆን ማስረሳቱ ነው። አንዲት እናት ጨርሰን ጎናቸውን ስናስተካክል «እንግዲህ መቼ ልትጀምሩ ነው?» አሉን። የሚገርመው፣ «ዋጡ» ስንላቸው የዋጡት፣ እጃችንን የያዙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁሉ አንዷም ትዝ አላለቻቸውም።

ይኸው ጥቅም ጣጣ አለው። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያስረዳችሁ ዓይናችሁ ተከፍቷል፣ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። ማታ ግን አንድም ቃል የለም። መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትውጡም ጭምር። ስለዚህ ውጤቱ ለአስታማሚ ይነገር፣ በወረቀትም ይጻፍ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ሚዳዞላም ሕመም አይገድልም። ፍርሃት ነው የሚገድል። ለዚህ ነው ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በፊንጢጣ በኩል በቱቦ ለማየት፣ ብቻውን የማይበቃው። ትልቁ አንጀት 1 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት አለው፣ ይጠማዘዛል። ሕመሙ የሚመጣው በሚነፋው አየርና ቱቦው ሲጠቀለል አንጀቱ በመለጠጡ ነው። ቀጫጭን ሴቶችና ከዚህ በፊት የማሕፀን ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ይበልጥ ይታመማሉ። ስለዚህ ፌንታኒል ወይም ፔቲዲን ይጨመርበታል። ፌንታኒል ቶሎ ይይዛል፣ ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ፔቲዲን ቀስ ይላል፣ ይቆያል፣ ያቅለሸልሻልም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ የፔቲዲን ዝቃጭ ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ምርጫ ካለ ፌንታኒል እላለሁ።

ሚዳዞላምና ከእነዚህ አንዱ ሲደመሩ ትንፋሽ የማዳከም አቅማቸው ለየብቻ ካለው በላይ ይሆናል። ማፍረሻ አላቸው። ለሚዳዞላም ፍሉማዜኒል፣ ለፌንታኒልና ለፔቲዲን ናሎክሶን። ማፍረሻ መኖሩ ከታች ከምናየው ማስተኛ መርፌ፣ ከፕሮፖፎል፣ የሚሻሉበት ነው። ነገር ግን ማፍረሻው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ያልቃል። ተወግቶ የነቃ ሰው ተመልሶ ሊያንቀላፋ ስለሚችል ወዲያው ወደ ቤት አይላክም። መኖሩን ጠይቁ። «ክፍሉ ውስጥ አለ?» ብላችሁ እንጂ «አገር ውስጥ አለ?» ብላችሁ አይደለም።

ሚዳዞላም ሲጠፋ ዳያዜፓም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይሠራል፤ ግን ደም ሥር ያቃጥላል፣ ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል። ሰውየው በማግስቱም ይንገዳገዳል። ለአዛውንት አልመርጠውም።

ነጩ፦ ፕሮፖፎል

ወተት የሚመስለው እሱ ነው። ሲገባ ክንድ ያቃጥላል፣ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያስተኛል። ሲቆም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ያነቃል። አነቃቁም ንጹሕ ነው፤ እንደ ሚዳዞላም ቀኑን ሙሉ አያፈዝም። ታካሚ ይወደዋል፣ ቱቦውን የሚያስገባው ሐኪምም ይወደዋል፣ ምክንያቱም ማንም አይታገለውም። ረጅም ወይም ሕመም ያለው ሥራ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሐሞት ቱቦ ድንጋይ በኢንዶስኮፕ ማውጣት፣ ከእሱ የሚሻል መርፌ ማግኘት ይከብዳል።

ማፍረሻ ግን የለውም። ሳይታሰብ ከመካከለኛ ወደ ጥልቅ ያወርዳል። ትንፋሽ ያቆማል፣ ደም ግፊት ይጥላል። ከኮሎኖስኮፒ በፊት አንጀት ማጠቢያ ጠጥቶ ሌሊቱን ሲመላለስ ያደረ ሰው ውሃው አልቋል፤ ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል። የዐቢይ ጾም ከሆነና ከዋዜማውም ብዙ ካልጠጣ ይብሳል። እንዲህ ያለ ሰው ቀድሞ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ቢገባለት ጥሩ ነው።

ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2009 የሞተው በዚሁ መድኃኒት ነው። ታካሚዎች ይህን ሰምተው «የገደለው እሱ አይደል?» ይሉኛል። ነው። ግን የተሰጠው ለእንቅልፍ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በወጉ የሚከታተል ሞኒተርና ራስጌው ላይ ዓይኑን የማይነቅል ሰው ሳይኖር ነበር። በወጉ ሲሰጥ በየቀኑ በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ይተኛበታል፣ ይነቃል።

ስለዚህ ለፕሮፖፎል ሁለት ነገር አልደራደርም። አንደኛ፣ የሚሰጠው ሰው ኢንዶስኮፒውን የሚሠራው ሰው መሆን የለበትም። ሁለት ሥራ በአንድ ሰው አይሆንም። ሰመመን የተማረ፣ ሥራው እናንተን ማየት ብቻ የሆነ ሰው ይኑር። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ተከፍቶ ያደረ አይሁን። ውስጡ የአኩሪ አተር ዘይትና የእንቁላል አስኳል ቅባት አለ፤ ባክቴሪያ ይመቸዋል። የተከፈተ ጠርሙስ ከ12 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። መድኃኒቱን ከውጭ ገዝታችሁ ከተረፈ «ለነገው ሰው ይሁን» ማለት ደግነት ይመስላል፤ አይደረግም፤ ይደፋ። እንቁላል አይስማማኝም የምትሉ ተናገሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አያግድም፣ ግን መታወቅ አለበት።

ኬታሚን

አገራችን ውስጥ የኬታሚንን ባለውለታነት የማያውቅ የሰመመን ባለሙያ የለም። ኦክስጅን ባጠረበት፣ መብራት በጠፋበት ቦታ ስንቱን ቀዶ ሕክምና አሳልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። ትንፋሽ አያዳክምም ማለት ይቻላል፣ ግፊት አይጥልም፣ ሕመምን በደንብ ይገድላል።

ለጨጓራ ኢንዶስኮፒ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ምራቅ ያበዛል። ጎሮሮ ውስጥ ቱቦ እየገባ ምራቅ ሲበዛ የድምፅ አውታሩ ሊዘጋና አየር ሊያቆም ይችላል። ደም ግፊቱን ይጨምራል፤ ግፊት ወይም የልብ ደም ሥር ችግር ላለበት ሰው አይመከርም። ሲነቃም ቅዠት አለ። ታካሚው ዓይኑ ተከፍቶ ያላየናቸውን ሰዎች ያናግራል። ይህን ያልተነገረው አስታማሚ «ልክፍት ያዘው» ብሎ ጠበል ሊወስደው ሲነሳ አይቻለሁ። ልክፍት አይደለም፤ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ብርሃኑ ቀንሶ፣ ሳይነካኩት ሲቀመጥ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ውስጥ ይለቃል። ትንሽ ሚዳዞላም ቢታከልበትም ይቀንሳል። ለኮሎኖስኮፒ፣ በትንሽ መጠን ከፕሮፖፎል ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥ ጥሩ ነው፤ አንዱ የሚጥለውን ግፊት ሌላው ይደግፈዋል።

ቱቦ ገብቶ ሙሉ ሰመመን መቼ ነው?

ደም እያስመለሰ የመጣ ሰው ላይ ጥያቄ የለውም። ጣና ዙሪያና በብዙ የጎጃም ወንዞች ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ለዓመታት የቆየ ቢልሃርዚያ ጉበትን ያደርቅና የምግብ መውረጃው ሥር ያሉትን ደም ሥሮች ያሳብጣቸዋል። ሲፈነዱ በሳፋ የሚቆጠር ደም ይወጣል። ያን ደም ሥር በላስቲክ ለመቋጠር ሲገባ ጨጓራው በደም የተሞላ ነው። በመርፌ ብቻ ማስተኛት ማለት ደሙ ወደ ሳንባ እንዲገባ መፍቀድ ነው። አየር ቧንቧው ውስጥ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶ፣ ደሙ እንዳያልፍ ዙሪያው መዘጋት አለበት።

ሳንቲም የዋጠ ሕፃን፣ በረኪና ጠጥቶ ጉሮሮው የጠበበ፣ ወይም ምግብ የሰነቀረውም እዚሁ ይመደባል። «ለሳንቲም ይህን ያህል?» ይባላል። ሳንቲሙ ሲወጣ አየር ቧንቧው አፍ ላይ ቢወድቅስ?

ሰውነታችሁ የሚለውጠው

ደጋው ላይ እንቅርት ያለበት ሰው ብዙ ነው። ትልቅ እንቅርት ሰው ሲተኛ የሚገፋው አየር ቧንቧን ነው። ነቅታችሁ ምንም አይሰማችሁ ይሆናል፤ ጡንቻ ሲላላ ግን ይጫናል። እንዲህ ላለ ሰው ከርጩ ጀምሬ በተቻለኝ መጠን እዚያው ነው የምቆየው። ሲተኛ እንደ ወፍጮ የሚያንኮራፋ፣ መሐል ላይ ትንፋሹ ቆም የሚልም እንደዚያው። ይህን ታካሚው አይነግረንም፣ አያውቀውም። ሚስት ናት የምታውቀው። እሷን ጠይቁ።

ጉበቱ የደከመ ሰው ሚዳዞላምን ቶሎ አያስወግድም። ትንሽ መጠን ግራ ሊያጋባው፣ ቀን ሙሉ ሊያስተኛው ይችላል።

አሁን ስለ አረቄ። ማንም በደስታ አያወራም፣ በተለይ ልጁ አጠገቡ ካለ። ግን በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ለሚዳዞላም ቶሎ አይበገርም፤ አንዳንዱም በመተኛት ፈንታ ይቆጣል፣ ይታገላል። ይህ ሰው መጣላት ፈልጎ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው የሚገለብጠው። ቀድመን ካወቅን ሌላ እንመርጣለን። ልጅ ካለ «አንዴ ውጭ ጠብቂን» እንላለን፤ ከዚያ አያ በሹክሹክታ ይነግሩናል። ጫትም እንደዚያው፤ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ በተለይ ከኬታሚን ጋር አይስማማም።

ከፍታውም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አልፋለች። ከፍ ባልን ቁጥር ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በትንሹ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ሲቀንስ ለመድረስ ያለን ጊዜ ያንሳል። በእኔ አሠራር፣ መርፌ የተሰጠው ሰው ሁሉ በአፍንጫው ኦክስጅን ይደረግለታል፣ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥፍር ቀለም ወይም በጠቆረ ሂና ሊሳሳት ስለሚችል ሰርግ በልታችሁ የመጣችሁ እህቶች አንድ ጣት አጽዱልን። እንሶስላ ያለበትም ቢሆን ተናገሩ፤ ጆሮ ጫፍ ላይ እናደርገዋለን።

ከመግባታችሁ በፊት

ከባድ ምግብ ከመግባታችሁ 8 ሰዓት ቀድሞ፣ ቀለል ያለ ምግብና ወተት 6 ሰዓት ቀድሞ፣ ጥርት ያለ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ሐኪማችሁ ከዚህ ካጠበቀ የእሱን ስሙ። በሶ፣ ተልባ፣ ጠላ ጥርት ያለ ፈሳሽ አይደሉም። ጠበልን በተመለከተ ሁሌ ይጠየቃል። ጠበል ውሃ ነው፤ ከመግባታችሁ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ጥቂት ጠጥታችሁ ከሆነ ችግር የለውም። እምነት የተበጠበጠበት ከሆነ ግን እንደ ምግብ እንቆጥረዋለን። በሌሊት ጠበል ቤት ገብቶ በጆግ ሙሉ ጠጥቶ «ምንም አልቀመስኩም» የሚል ሰው አለ፤ በእሱ ቤት ጠበል ምግብ አይደለም፣ እውነቱን ነው። እኛ ግን ጨጓራው ውስጥ ስለምናገኘው ንገሩን።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውለቅ፣ የሚነቃነቅ ካለ ይነገር። እርጉዝ የሆናችሁ፣ የስኳርና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ እንጂ የዕለቱን ጠዋት አትጠብቁ።

ወጪውን በግልጽ ጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ምርመራውን ይሸፍናል ማለት መርፌውንም ይሸፍናል ማለት ላይሆን ይችላል። የትኛው ከውጭ ይገዛል? የሰመመን ባለሙያ የሚኖርበት ቀን የቱ ነው? ርጩን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ የማንንም ቀን አትጠብቁም፤ ፕሮፖፎል ከሆነ ግን በባለሙያው ቀን ኑ። በሌለበት ቀን «ዛሬውኑ ይሁንልኝ» ብላችሁ አትለምኑ። ተመላልሶ ማደሩ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ አልጋም ገንዘብ ነው። ቢሆንም።

ሲያልቅ

ርጩ ብቻ ከሆነ የከሰዓቱን አውቶቡስ ትደርሱበታላችሁ። መርፌ ካለበት፣ የቱም ይሁን፣ ለ24 ሰዓት መኪና፣ ሞተር፣ ባጃጅ አይነዳም። አረቄም ጠላም የለም። የመሬት ውል፣ የብድር ወረቀት አይፈረምም፤ በስልክም ገንዘብ አታስተላልፉ። ነቅተናል ብላችሁ ነው የምትሳሳቱት። አስታማሚው ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ፣ ከእናንተ ጋር የሚያድር ሰው ይሁን። በር ድረስ ሸኝቶ የሚመለስ አስታማሚ አይባልም። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነና መንገዱ ካላስተማመነ ከተማው ውስጥ ዘመድ ጋ እደሩ። ዘመድ ከሌለ፣ ይህ ራሱ ርጩን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ጎሮሮ መከርከር፣ ሆድ መነፋት፣ ጋዝ መብዛት በ1 ወይም 2 ቀን ይለቃል። ግን የማይለቅ የደረት ወይም የሆድ ሕመም፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ትኩሳት፣ ወይም ቢቀሰቅሱት የማይነሳ እንቅልፍ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ምርመራውን የሠሩት ጋ ለመመለስ ብላችሁም ሌሊት ረጅም መንገድ አትጀምሩ። ያለው ሆስፒታል ፍኖተ ሰላምም ይሁን እንጅባራ፣ ቅርብ ወዳለው ሂዱ። የተሰጣችሁ መድኃኒት ስምና ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ የተቀበላችሁ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።